ነጠላው ሲያበራ ፊት ሲጠፋ፦ ለመድረክ መብራት ተለማማጆች

የመድረክ መብራት ልምምዴን የምሠራው አቃቂ ውስጥ ባለ አንድ አዳራሽ ነው። 12 ባለ 1000 ዋት ሃሎጅን ፓሮች (በርሜል የሚመስሉ የመድረክ መብራቶች) እና 8 ኤልኢዲዎች አሉን። የሚያሠለጥኑኝን ሰው ጋሼ ነው የምላቸው። መጀመሪያ አካባቢ ችግር በመጣ ቁጥር ወደ መሰላሉ እሮጥ ነበር። "ውረጂ ልጄ፣ መጀመሪያ ከታች ሆነሽ እዪ" ይሉኛል። ከታች ሆኜ ያየሁትን ልንገራችሁ።

ልብሱ ያበራል፣ ፊቱ አይታይም

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። በኛ መድረክ ላይ ደጋግሞ የሚያስቸግረኝ ይሄ ነው። ተዋናይዋ የሀገር ልብስ ለብሳ ትወጣለች። ከኋላ ወንበር ሲታይ የሚንቀሳቀሰው ነጭ ቀሚስ ብቻ ነው። እኔ የፊት ለፊቱን መብራት ጨመርኩ። ባሰበት።

ምክንያት፦ ነጭ ጥጥ ያረፈበትን ብርሃን አብዛኛውን ይመልሳል። ጠይም ቆዳ የሚመልሰው ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። ዓይን ደግሞ የሚላመደው ከደማቁ ነገር ጋር ነው። ብርሃን ስንጨምር ልብሱም ፊቱም አብረው ይደምቃሉ፤ በመሃላቸው ያለው ርቀት አይጠብም።

መፍትሄ፦ የፊት ለፊቱን ቀንሱ። ከግራና ከቀኝ፣ በ45 ዲግሪ ገደማ ከላይ የሚወርድ ብርሃን ስጡ። ጠይም ፊት ከጎን ሲበራ ጉንጩና ግንባሩ ወዝ ይይዛል፣ ቅርጹ ይወጣል። ፕሮፋይል መብራት (ጠርዙ ጥርት ያለ ብርሃን የሚሰጥ) ካላችሁ ከደረት በታች የሚወርደውን ብርሃን በመቁረጫው ቁረጡት። ቀለል ያለ የማር ቀለም ጄል (መብራቱ ፊት የሚደረግ ባለቀለም ስስ ፕላስቲክ) ጨምሩ። ከተዋናይዋ ጀርባ ያለው ግድግዳ ነጭ ከሆነ እሱ ላይ ብርሃን እንዳያርፍ ተጠንቀቁ።

ከሁሉ የሚሻለው ግን አልባሳት ክፍል ቀድሞ መሄድ ነው። ነጭ ልብስን ሻይ ውስጥ መንከር የቆየ የቴአትር ዘዴ ነው። ከወንበር ሲታይ ያው ነጭ ነው፤ መንጸባረቁ ግን ይበርዳል። እኛ አንድ አሮጌ ነጠላ ጥለቱን ውጭ አድርገን ነከርን። የተዋናይዋን ዓይን ከመጨረሻው ረድፍ ሳየው እንዴት ደስ እንዳለኝ!

ሲመሽ ፊቶች ይቀላሉ፣ ይደበዝዛሉ

ቀን ያስተካከልነው ብርሃን ማታ ሌላ ሆኖ ይጠብቀናል። ጄሉን አትጠርጥሩ። ሰው ሁሉ ቤቱ ገብቶ ምጣድና ምድጃ ሲለኩስ ቮልቴጁ ይወርዳል። ሃሎጅን ይህን አይችልም፤ ከ220 ወደ 190 ቮልት ሲወርድ 40 በመቶ ገደማ ብርሃኑን ያጣል፣ ቀለሙም ወደ ቀይ ይሄዳል። ብዙ ኤልኢዲዎች ግን ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበሉ ምንም አይሆኑም። ስለዚህ በኤልኢዲ የበራው ጀርባ እንዳለ ይቆይና በሃሎጅን የበራው ፊት ይጨልማል።

ቮልቴጁን በቴስተር ለኩ፦ መብራቶቹ በርተው እያለ አንዴ ዋናው ሳጥን ላይ፣ አንዴ የመጨረሻው ሶኬት ላይ። ሳጥኑ ላይ ደህና ሆኖ ሶኬቱ ላይ ከወረደ ጥፋቱ የገመዱ ነው፤ ቀጭን ነው ወይም በጣም ረጅም ነው። ተጠቅልሎ የተቀመጠ ገመድም ይግላል፣ ዘርጉት። ሳጥኑም ላይ ከወረደ መስመሩ ነው። ያኔ የብርሃኑን መጠን ትርኢቱ በሚታይበት ሰዓት መዝግቡ፤ ሃሎጅኖቹንም ከ80 በመቶ አታሳልፉ። ሲወርድ የምትጨምሩት ይኖራችኋል።

ብሬከሩ ይወርዳል

ሂሳብ ነው። 1000 ዋት በ220 ሲካፈል 4.5 አምፔር ይሆናል። ባለ 16 አምፔር ብሬከር ሦስት ፓር ይሸከማል፣ አራተኛው 18 ያደርሰዋል። አከፋፍሉ። በትልቅ ብሬከር መቀየርን ግን እንዳታስቡት፤ ግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦ ይቃጠላል።

ኤልኢዲዎቹ ሳይታዘዙ ይርገበገባሉ

መጀመሪያ ስፒናቸውን ተከትላችሁ ሂዱ። ዲመር (ኃይሉን እየቀነሰ ብርሃን የሚያደበዝዝ መሣሪያ) ላይ የተሰካ ኤልኢዲ ይርገበገባል፣ ሊበላሽም ይችላል፤ ቀጥታ ኃይል ይፈልጋል። ቀጥሎ የዲኤምኤክስ ገመዱን፣ ማለትም ከመቆጣጠሪያ ቦርዱ ወደ መብራቶቹ ትእዛዝ የሚወስደውን፣ እዩ። የማይክ ገመድ ሶኬቱ ስለሚገጥም ብቻ ይሰካል፣ ምልክቱን ግን ያበላሻል። በመጨረሻው መብራት ላይ ባለ 120 ኦም መዝጊያ (ምልክቱ ተመልሶ እንዳይረብሽ የሚያደርግ መሰኪያ) መኖሩንም አረጋግጡ። ሁለት መብራቶች ሳይፈለግ አንድ ላይ የሚታዘዙ ከሆነ ጥፋቱ የአድራሻ (መብራቱ ትእዛዝ መቀበል የሚጀምርበት የቻናል ቁጥር) ነው፦ ባለ 7 ቻናል መብራት ከ1 ከጀመረ ቀጣዩ ከ8 ይጀምራል።

ብርሃኑ ሁሌ ዘግይቶ ይደርሳል

ይሄኛው የኔ ጥፋት ነበር። አንዲት እናት ከመደብ ተነስታ "ልጄ መጣ" ስትል ቤቱ መብራት አለበት። ቃሉን ሰምቼ እጫን ነበር። ብርሃኑ ሞልቶ ለመውጣት 5 ሰከንድ ይፈጅበታል፤ እስኪሞላ እሷ በሩ ጋ ደርሳለች፣ ጨለማ ውስጥ።

ጋሼ ቦርዱን አልነኩም። ሦስት ቀን ልምምዱን ባዶ እጄን ተቀምጬ እንድመለከት አደረጉኝ። ተዋናይዋ ከመናገሯ በፊት፣ ከመነሳቷም በፊት፣ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ታስተካክላለች። ሁልጊዜ። ስክሪፕቴ ዳር ላይ "ልጄ መጣ" የሚለውን አጥፍቼ በእርሳስ "እጇ ወደ ነጠላዋ ሲሄድ" ብዬ ጻፍኩ።