ፈረሴን የመረዘውን አረም እንዴት እንደደረስኩበት
ፈረሴ መኖውን ትቶ ወደ ጎኑ ዞር እያለ ሆዱን ሲመለከትና መሬቱን በኮቴው ሲጭር፣ የዓይኑም ብሌን ያለ ልክ ሰፍቶ ስላየሁ የእንስሳት ሐኪም ጠራሁ፤ እርሱም እያከመው መመረዝን ጠረጠረ። ግጦሹን በገመድ ከፋፍዬ ስፈትሽ በአጥሩ ጥግ አስተናግር የሚባለው መርዛማ አረም በቅሎ አገኘሁ፤ ቅጠሉ ሲታሸት ይከረፋል፣ አበባው እንደ ጡሩምባ ረዘም ያለና ነጭ፣ ፍሬው እሾሃማ ነው። ይሁን እንጂ አንድም ቅጠል አልተነካም ነበር፤ ፈረስ እርጥቡን ከጠረኑ የተነሣ አብዛኛውን ጊዜ ይሸሸዋልና። ጥፋቱ የእኔው ነበር፦ ከዚያው ጥግ አጭጄ የከመርኩትን ድርቆሽ ስበትነው፣ አራት ቦታ የተሰነጠቀ ደረቅ እሾሃማ ፍሬ ወጣ። ተክሉ ቢደርቅም መርዙ አይጠፋም፤ ከሣር ጋር ሲደባለቅ ደግሞ ፈረሱ ለይቶ መተው ያቅተዋል። ድርቆሹን በሙሉ አስወገድኩ፤ የቀረውንም አረም ፍሬው ሳይፈነዳ ጓንት አጥልቄ ከነሥሩ ነቀልኩ።