ኮምፓይለራችሁ ያወጣው ኮድ ፕሪንትኤፍ ላይ ሲወድቅ ስታኩን እንዴት ታስተካክላላችሁ

የራሳችሁን ትንሽ ኮምፓይለር እየጻፋችሁ ነው እንበል። ኢንቲጀር ሲያትም ደህና ነው። 3.5ን በፕሪንትኤፍ (የሲ ላይብረሪ የማተሚያ ፈንክሽን) እንዲያትም ስታዙት ግን ሴግሜንቴሽን ፎልት (የሜሞሪ አጠቃቀም ስሕተት) ብሎ ይወድቃል። እኔ ሁለት ሌሊት ሙሉ የተበላሸ ፖይንተር ስፈልግ አደርኩ፤ ችግሩ ለካ የ8 ባይት ጉዳይ ነበር።

መጀመሪያ ሕጉን ያዙ። በ64 ቢት ሊነክስ፣ ኢንቴልና ኤኤምዲ ላይ፣ ኮል (ፈንክሽን የሚጠራው ኢንስትራክሽን) ከመደረጉ በፊት አርኤስፒ ሬጂስተር (የስታኩን፣ ማለትም ጊዜያዊ ዋጋዎች የሚደራረቡበትን ሜሞሪ፣ ጫፍ የሚያሳየው) ውስጥ ያለው አድራሻ ለ16 ያለ ቀሪ መካፈል አለበት። ኮል ራሱ የመመለሻ አድራሻውን ስታክ ላይ ሲያስቀምጥ 8 ባይት ይወስዳል፤ ፈንክሽኑ ሲጀምር አርቢፒ ሬጂስተርን ፑሽ ስታደርጉ (ስታኩ ላይ ስትጭኑ) ሌላ 8 ባይት ስለሚጨመር ተመልሶ ይስተካከላል።

አሁን ጂዲቢን (ስሕተት መፈለጊያ ፕሮግራሙን) ክፈቱ። ፕሮግራሙ ሲወድቅ የቆመበትን ኢንስትራክሽን እዩ። ሞቭኤፒኤስ ከሆነ ግማሹ ሥራ አለቀ። የቆመው ሲ ላይብረሪው ውስጥ ስለሆነ ላይብረሪውን እንዳትጠረጥሩ፣ ጥፋቱ የጠራው ኮድ ነው። ሞቭኤፒኤስ 16 ባይት በአንዴ ያንቀሳቅሳል፣ አድራሻው ከተዛነፈ ፕሮሰሰሩ እሺ አይልም። ታዲያ ኢንቲጀር ሲታተም ለምን ዝም አለ? ፕሪንትኤፍን ስትጠሩ በኤኤል ሬጂስተር ስንት የቬክተር ሬጂስተር (እንደ 3.5 ያሉ ቁጥሮች የሚተላለፉበት) እንደተጠቀማችሁ ትነግሩታላችሁ፤ ኢንቲጀር ብቻ ስለሆነ ዜሮ ካላችሁት ኤክስኤምኤሞቹን (የቬክተር ሬጂስተሮቹን) ስታክ ላይ ማስቀመጡን ይዘለዋል። ስታኩ ያኔም ተዛንፎ ነበር፣ የነካው ግን አልነበረም።

ለማረጋገጥ ኮሉ ላይ ብሬክፖይንት (ፕሮግራሙ የሚቆምበት ምልክት) አድርጉና አርኤስፒን በሄክስ (በ16 መሠረት አቆጣጠር) አትሙ። መጨረሻው 0 ከሆነ ደህና ነው። 8 ከሆነ አገኛችሁት።

ብዙ ጊዜ መነሻው እንደ «1 + ድምር(2)» ያለ ነገር ነው። ኮምፓይለሩ 1ን ፑሽ ያደርግና ያንን ሳያነሳ ድምርን ይጠራል።

ማስተካከያው ቆጣሪ ነው። ኮድ ጀነሬተሩ ፑሽ ባወጣ ቁጥር አንድ ይደምር፣ ፖፕ (ከስታኩ ማንሻ) ባወጣ ቁጥር አንድ ይቀንስ። ኮል ጋ ሲደርስ ቆጣሪው ጎዶሎ ከሆነ ከአርኤስፒ 8 ይቀንስ፣ ከኮሉ በኋላ 8 ይመልስ። በስታክ የሚተላለፉ አርጉመንቶች ካሉ እነሱንም በሒሳቡ አስገቡ፣ 8ቱን ደግሞ እነሱን ፑሽ ከማድረጋችሁ በፊት ቀንሱ፤ አለበለዚያ ተጠሪው ፈንክሽን አርጉመንቶቹን በተሳሳተ ቦታ ያነባል። ለሎካል ቫርያብሎች የምትይዙትንም ቦታ ወደ 16 ብዜት ከፍ አድርጉት፣ ካልሆነ ቆጣሪው ከመጀመሪያው ይሳሳታል።

በመጨረሻ አንድ፣ ሁለትና ሦስት ዋጋ ፑሽ ተደርጎ እያለ 3.5ን የሚያትም ፈተና ጻፉ፤ ሦስቱም ሳይወድቁ ማተም አለባቸው።