የሻገተ በቆሎ ታጥቦ አይጠራም

ከቡሬ እስከ መራዊ በቆሎና በርበሬ ለምትሰበስቡ ሰዎች ነው ይሄን የምጽፈው፣ ምክንያቱም ሻጋታ ሲታይ ሁሉም ሰው አራግፎ አጥቦ ጨረስኩ ይላል፣ አልጨረሰም።

ሻጋታ ፈንገስ ነው፣ ተክልም ባክቴሪያም አይደለም። አፍና ሆድ ስለሌለው ኢንዛይም ወደ ውጭ ይለቅና እህሉን እዛው ካሟሟ በኋላ ይስበዋል። ላዩ ላይ የምታዩት አረንጓዴ ዱቄት መራቢያው ነው፣ ስፖር ይባላል፣ ዋናው አካሉ ግን በቀጫጭን ክር ፍሬው ውስጥ ገብቷል። መቼም ፈንገስ ሁሉ ክፉ ነው እያልኩ አይደለም፣ ያለ እርሾ ጠላ የለም፣ ፔኒሲሊንም የተገኘው ከሻጋታ ነው።

እኛ ጋ የሚያሰጋው አስፐርጊለስ ፍላቨስ የሚባለው ነው፣ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመነጫል። መርዙ በመቀቀልም በመጋገርም አይጠፋም፣ ለረጅም ጊዜ ትንሽ በትንሹ ሲገባ የጉበት ካንሰር ያመጣል፣ የጉበት ቫይረስ ቢ ላለበት ሰው ደግሞ ይብስበታል። ብዙ ከተበላማ ቶሎ ይገድላል፣ እ.ኤ.አ. በ2004 ኬንያ ውስጥ የሻገተ በቆሎ በልተው 317 ሰዎች ታመው 125ቱ ሞተዋል።

ስለዚህ ስራው ያለው ማድረቁ ላይ ነው። በቆሎው ሲደርስ ማሳ ላይ አታቆዩት፣ የህዳር ዝናብ አይታመንም። እርጥቡን አትከምሩት፣ ባዶ መሬት ላይም አታስጡት፣ ሸራ አንጥፉና ቀን ቀን እያገላበጣችሁ ማታ ከጤዛ ሸፍኑት። ነቀዝ የበላውን፣ የተሰነጠቀውንና የጠቆረውን እየለቀማችሁ አውጡ፣ ፈንገሱ በቁስሉ በቀላሉ ይገባል።

መድረቁን በጥርስ ነክሶ ማወቅ የለመደ ሰው አለ፣ እኔ ግን ጨው ይሻላል ባይ ነኝ። ክዳን ያለው ደረቅ የመስታወት ጠርሙስ ውስጥ እስከ ሲሶው የተፈለፈለ በቆሎ አድርጉ፣ ምጣድ ላይ አሙቃችሁ ያደረቃችሁትን ጨው ጨምሩ፣ አንድ ደቂቃ ያህል በደንብ ናጡትና 15 ደቂቃ አስቀምጡት። ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተጣበቀ እርጥበቱ ከ15 በመቶ በላይ ነው፣ ወደ ፀሐይ መልሱት። ካልተጣበቀም አንድ ቀን ጨምሩለት፣ ለማስቀመጥ ጥሩው 13 በመቶ አካባቢ ነው። ፒክስ የሚባለውን የእህል ማስቀመጫ ከረጢት የገዛ ሰው ይሄን መዝለል የለበትም፣ ከረጢቱ አየር ከልክሎ ነቀዙን ይገድላል እንጂ እርጥብ እህል አያደርቅም። ጎተራውም ከረጢቱም መሬት አይንካ፣ ከስር የእንጨት ርብራብ አድርጉለት።

የሻገተውን ምን እናድርገው ለምትሉ፣ መጣል ነው። "ለጠላ ይሆናል" "ለላሟ እንስጣት" የሚባለው ነገር አለ አይደል፣ ላሟ ከበላችው በወተቱ ተመልሶ ልጆቻችሁ ጋ ይመጣል፣ ፋጉሎም ከሻገተ ያው ነው። ስትጠርጉት አፍንጫችሁን በነጠላ ሸፍኑ፣ በተለይ አስም ያለበት ሰው ባይነካው ይመረጣል።

በርበሬ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፣ እንዳይሰባበር ወይ ሚዛን እንዲያነሳ ብለው ውሃ የሚረጩበት ሰዎች አሉ፣ ከዛ ጆንያ ውስጥ ታምቆ ይሻግታል። ከላይ ቀይና የሚያምር ሆኖ ውስጡ ሊበላሽ ስለሚችል ስትገዙ ከጆንያው መሃል ጥቂት ዛላ አውጡና ሰንጥቃችሁ እዩት፣ ፍሬው ጋ ነጭ ወይ ግራጫ ድር ካለ ወይ የሻጋታ ሽታ ከሸተታችሁ ዋጋ ቢቀንስላችሁም አትግዙት፣ አንዴ ከተፈጨ በኋላ መለየት አትችሉም።