ተመልሶ የመጣ ክብደት፦ ከጡረታ በኋላ ሲቀንሱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አንዴ ቀንሰውት የነበረ ክብደት ተመልሶ ሲመጣ ያበሽቃል። ያውም ጡረታ ወጥተው፣ «አሁን እንኳ ለራሴ ጊዜ አለኝ» ባሉበት ሰዓት። ብዙ ሰው ያኔ የሚያደርገው አንድ ዓይነት ነገር ነው። በ45 ዓመቱ የሠራለትን ዘዴ እንደገና ይጀምራል። አልሠራ ሲለው ሰንፌ ነው ብሎ ራሱን ይወቅሳል። ነገሩ ስንፍና አይደለም። ሰውነቱ ተቀይሯል፣ ውሎውም ተቀይሯል፤ ዘዴው ብቻ የድሮው ሆኖ ቀርቷል።

«የተመለሰው ያው የድሮው ኪሎ ነው» ብሎ ማሰብ

ሚዛኑ ላይ ቁጥሩ ያው ሊሆን ይችላል። ውስጡ ግን ይለያያል። ስንከሳ የሚጠፋው ስብ ብቻ አይደለም፤ ጡንቻም አብሮ ይሄዳል። ስንወፍር ደግሞ በአብዛኛው የሚመለሰው ስቡ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ አንድ ጥናት የወር አበባቸው ባቆመ ሴቶች ላይ ይህን ለክቶታል። ከእያንዳንዱ 1 ኪሎ ስብ ጋር በአማካይ 260 ግራም ያህል ስብ ያልሆነ የሰውነት ክፍል፣ በተለይም ጡንቻ፣ አብሮ ጠፍቷል። ክብደቱ ሲመለስ ግን ከ1 ኪሎ ስብ ጋር የተመለሰው 120 ግራም ብቻ ነው።

እንግዲህ ድሮ 85 ኪሎ የነበሩ ሰው ቀንሰው መልሰው 85 ሲገቡ፣ ከበፊቱ የበዛ ስብና ያነሰ ጡንቻ ይዘው ነው። ዕድሜ በራሱ የሚወስደው ጡንቻ ደግሞ በላዩ ይጨመራል። ከወንበር መነሳት የከበደው፣ ደረጃ መውጣት ያታከተው አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

ስለዚህ ከመጀመሪያው ግቡን ማስተካከል ያስፈልጋል፦ ስቡ ይሂድ፣ ጡንቻው ይቆይ። ሚዛን ሁለቱን አይለይም። የልብስ ሰፊ ሜትር ይሻላል። ከታችኛው የጎን አጥንትና ከዳሌ አጥንት ጫፍ መሃል ላይ፣ ሆድ ሳይሳብ፣ አየር አስወጥተው ወገብዎን ይለኩ። የዓለም ጤና ድርጅት የሚጠቅሰው ልኬት ለወንድ 94፣ ለሴት 80 ሴንቲ ሜትር ሲያልፍ የበሽታ ስጋት እንደሚጨምር ነው፤ 102 እና 88 ሲያልፍ ደግሞ በጣም ይጨምራል። ሌላም ቀላል ፈተና አለ። እጅዎን ደረትዎ ላይ አጣምረው በ30 ሰከንድ ውስጥ ስንት ጊዜ ከወንበር ተነስተው መቀመጥ እንደሚችሉ ይቁጠሩ። ኪሎው እየወረደ ይህ ቁጥርም እየወረደ ከሆነ አካሄዱ ትክክል አይደለም።

ምግብን ቁርጥ ማድረግ

«ከ40 በኋላ ሜታቦሊዝሜ (ሰውነቴ ጉልበት የሚያቃጥልበት ፍጥነት) ሞተ» የሚል ሰው ሞልቷል። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ከ29 አገሮች የተውጣጡ ከ6,400 በላይ ሰዎችን ያካተተ ጥናት ሌላ ነገር ነው ያሳየው። የሰውነት መጠን ግምት ውስጥ ሲገባ፣ በቀን የምናቃጥለው ጉልበት ከ20 እስከ 60 ዓመት ብዙም አይቀየርም። ከ60 በኋላ ነው በዓመት 0.7 በመቶ ገደማ እየቀነሰ የሚሄደው። ዘገምተኛ ቅነሳ ነው፤ ግን አለ።

ከዚህ በፊት ብዙ ኪሎ በፍጥነት የቀነሰ ሰው ደግሞ ሌላ ጣጣ ሊኖርበት ይችላል። በቴሌቪዥን የክብደት መቀነስ ውድድር ላይ የተሳተፉ 14 ሰዎች ከ6 ዓመት በኋላ ተለክተው ነበር። አብዛኛው ክብደታቸው ተመልሷል። ሰውነታቸው ግን በእረፍት ሰዓት የሚያቃጥለው ከሚጠበቀው በ500 ካሎሪ ገደማ ያነሰ ነበር። እነዚህ ሰዎች በጣም በጽንፈኛ መንገድ የከሱ ናቸውና ሁሉም ሰው እንዲህ ይሆናል ማለት አይደለም። ቢሆንም በረሃብ የመጣ ክሳት ዋጋ እንደሚያስከፍል ያሳያል።

ታዲያ በ67 ዓመት በቀን 800 ካሎሪ እየበሉ መሰንበት፣ ያውም ያለ ሐኪም ክትትል፣ ጡንቻንና አጥንትን አሳልፎ መስጠት ነው። ከሚበሉት በቀን 500 ካሎሪ ገደማ መቀነስ ለብዙ ሰው ይበቃል። በሳምንት ግማሽ ኪሎ፣ አንዳንዴም ከዚያ ያነሰ ቢወርድ አይናደዱ። በ20 ዓመትዎ ይለብሱት የነበረው ልብስ ውስጥ መግባትም አይጠበቅብዎትም። ከክብደትዎ ከ5 እስከ 10 በመቶ መቀነስ ብቻውን ለደም ግፊት፣ ለስኳርና ለጉልበት ሕመም ይጠቅማል።

ፕሮቲንን መርሳት

ሰው ምግብ ሲቀንስ መጀመሪያ የሚነካው ብዙ ጊዜ ሥጋውን፣ እንቁላሉንና ወተቱን ነው። ዳቦውና ጣፋጩ ይቀራል። በዚህ ዕድሜ ይህ የተገላቢጦሽ ነው። የአረጋውያን ሥነ ምግብ ባለሙያዎች ከ65 በላይ ለሆነ ጤነኛ ሰው የሚመክሩት በቀን በ1 ኪሎ ክብደት ከ1 እስከ 1.2 ግራም ፕሮቲን ነው። 75 ኪሎ ለሆነ ሰው ከ75 እስከ 90 ግራም ማለት ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም ያህል አለው፤ 100 ግራም የበሰለ የዶሮ ሥጋ 30 ገደማ፣ አንድ ኩባያ የተቀቀለ ምስር 18 ገደማ። የራስዎን ደምረው ይዩት።

በሦስቱም ገበታ ላይ መከፋፈሉም ዋጋ አለው፤ ማታ ላይ ብቻ ከሚከመር በየምግቡ 25 ግራም ያህል ይሻላል። በተለይ ቁርስ ይታሰብበት። ጥርስ ካስቸገረ እርጎ፣ ዓሣ፣ እንቁላልና በደንብ የበሰለ ጥራጥሬ አለ። የኩላሊት ሕመም ካለ ግን መጠኑን ሐኪም ይወስን።

በእግር መሄድ ብቻ ይበቃል ማለት

እግር ጉዞ መልካም ነው፤ አይተዉት። ብቻውን ግን ጡንቻ አያቆይም። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት ይህን ግልጽ አድርጎታል። ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ የሆነ 160 ወፍራም ሰዎች ተመዝግበው በአራት ቡድን ተከፈሉ፤ አንዱ ለማነጻጸሪያ ነበር። ሦስቱ ቡድኖች በአመጋገብ ክብደት ቀነሱ፤ አንዱ ከዚያ ጋር እንደ እርምጃና ብስክሌት ያለ የልብና የሳንባ ስፖርት፣ ሁለተኛው የጡንቻ ማጠንከሪያ፣ ሦስተኛው ሁለቱንም ሠራ። በስድስት ወር የቀነሱት ኪሎ ተቀራራቢ ነው። ልዩነቱ የቀነሱት ምን እንደሆነ ላይ ነው። የልብና የሳንባ ስፖርት ብቻ የሠሩት ስብ ያልሆነውን የሰውነት ክፍል 5 በመቶ አጡ፤ ጡንቻ ያጠነከሩት 2 በመቶ፣ ሁለቱን የቀላቀሉት 3 በመቶ። የዳሌ አጥንት ጥግግትም 3 በመቶ፣ 0.5 በመቶና 1 በመቶ ነው የቀነሰው። በአካል ብቃት ፈተና ከሁሉም የበለጡት ሁለቱን የቀላቀሉት ናቸው።

«በዚህ ዕድሜ ክብደት ማንሳት?» የሚል አለ። አዎ፣ በተለይ በዚህ ዕድሜ። ጂም መግባት ግድ አይደለም። ከወንበር መነሳትና መቀመጥ፣ ግድግዳ ተደግፎ ፑሽ አፕ፣ ጠረጴዛ ይዞ በእግር ጣት መቆም፣ የሚለጠጥ ላስቲክ መሳብ፣ ሁሉም ይሠራል። በሳምንት ሁለት ቀን ይጀምሩ። ሲቀልዎት ቁጥሩን ወይም ክብደቱን ይጨምሩ፤ ካልጨመሩ ጡንቻው የሚጠነክርበት ምክንያት የለውም። የዓለም ጤና ድርጅት ለ65 ዓመትና ከዚያ በላይ ላሉ ሰዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ቢያንስ ሁለት ቀን የጡንቻ ማጠንከሪያ፣ ሦስት ቀን ደግሞ የሚዛን መጠበቂያ ልምምድ ይመክራል። የመጨረሻውን ሁሉም ይረሳዋል፤ ከመውደቅ የሚያድነው ግን እሱ ነው።

የተቀየረውን ውሎ አለማየት

ሥራ ሲኖር ሰው ሳያስበው ይንቀሳቀሳል። ታክሲ ለመያዝ ይሮጣል፣ ፎቅ ይወጣል፣ ከቢሮ ቢሮ ይዞራል። ምሳም ሰዓት አለው። ጡረታ ሲመጣ ይህ ሁሉ በአንድ ቀን ይቀራል። ወጥ ቤቱ ቅርብ ነው፣ ቅዳሜ የማይመስል ቀን የለም፣ የልጅ ልጅ የተረፈውን ደግሞ አያት ይጨርሰዋል። ማንም እንደ ምግብ አይቆጥረውም።

እዚህ ላይ ከካሎሪ ቆጠራ ይልቅ ሰዓት ማበጀት ይሠራል። የምግብ ሰዓት ይወስኑ። ጠዋት ከቤት የሚያስወጣ ነገር ይኑርዎት፤ የሚጠብቅዎት ሰው ካለ ደግሞ የበለጠ። መጠጥ የሚወስዱ ከሆነም ይቁጠሩት፤ አንድ ግራም አልኮል 7 ካሎሪ አለው።

መድኃኒትን ከጨዋታው ውጭ ማድረግ

ኢንሱሊን፣ ፕሬድኒሶሎን፣ ጋባፔንቲን፣ አሚትሪፕቲሊንና አንዳንድ የደም ግፊት መድኃኒቶች ክብደት ሊጨምሩ ይችላሉ። በራስዎ አያቋርጡ፤ ሌላ አማራጭ እንዳለ ግን ይጠይቁ። በሌላ በኩል፣ ክብደት ሲወርድ የድሮው መጠን ሊበዛ ይችላል። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የተባለውን የስኳር ክኒን የሚወስድ ሰው ምግብ ሲቀንስ ስኳሩ በጣም ሊወርድበት ይችላል። የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ደግሞ ብድግ ሲል ሊዞርበት ይችላል። ስለዚህ ከመጀመርዎ በፊት ሐኪምዎ ይወቅ።

በጥቂት ቀናት ውስጥ ሁለት ኪሎ የጨመረ፣ እግሩ ያበጠ ወይም ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ያለበት ስብ ላይሆን ይችላል። ውኃ ሊሆን ይችላል፤ የልብ ድካም ምልክት ሊሆን ስለሚችል በፍጥነት ይታይ። ሳይሞክሩ ከክብደትዎ 5 በመቶ በስድስት ወር ወይም በአንድ ዓመት ውስጥ ከወረደም ደስ አይበልዎ፤ ይመርመሩ።

የክብደት መቀነሻ መርፌም ቢሆን እስከተወሰደ ድረስ ነው። ከእነዚህ መርፌዎች አንዱ የሆነውን ሴማግሉታይድን ባቋረጡ ሰዎች ላይ በተደረገ ክትትል፣ ከቀነሱት ክብደት ሁለት ሦስተኛው በአንድ ዓመት ውስጥ ተመልሷል።

ግቡ ላይ ሲደርሱ መተው

እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ሌላ ጥናት እንዳሳየው፣ ክብደት ከቀነሱ ከአንድ ዓመት በኋላ እንኳ ረሃብን የሚቀሰቅሱ ሆርሞኖች ወደ ቀድሞ ቦታቸው አልተመለሱም። ከቀነሱ በኋላ የሚሰማዎት ረሃብ የፈቃድ ድክመት አይደለም ማለት ነው። መጀመሪያ ክብደቱን የመለሰውም ይኸው ረሃብ ሳይሆን አይቀርም።

በሳምንት አንድ ቀን፣ ጠዋት፣ ከሽንት በኋላ ይመዘኑ። በመሃል አንድ ኪሎ ከፍ ዝቅ ቢል ውኃና ጨው ነው፤ አይበሳጩበት። ከያዙት ክብደት ሁለት ኪሎ ጨምሮ ሁለት ሳምንት ከቆየ ግን አምስት እስኪሆን አይጠብቁ። መጀመሪያ የምግብ ሰዓትዎ ተዛብቶ እንደሆነ ይዩ፣ ቀጥሎ የጡንቻ ልምምዱ ስንት ሳምንት እንደቀረ ይቁጠሩ። ከሁለቱ አንዱ ብዙ ጊዜ ይገኛል።