ደብል ጄ ስቴንት ሲያስቸግር፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሄው

የሽንት ምርመራ፣ ክሬቲኒን (የኩላሊትን አሠራር የሚያሳይ የደም ምርመራ) እና አልትራሳውንድ ማዘዝ እንደምታውቁበት ቆጥሬ ነው የምጽፈው። ጉዳዬ ተረኛ ሆናችሁ ከኩላሊት እስከ ፊኛ ባለው የሽንት ቱቦ ውስጥ ስቴንት (ሽንት እንዲወርድ የሚገባ፣ ሁለት ጫፉ የተቆለመመ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ) የተዘረጋለት ሰው ሲመጣባችሁ ከየት እንደምትጀምሩ ነው።

ሲሸና ጎኑን ይወጋዋል፣ በየሰዓቱ ይመላለሳል፣ ሽንቱ ቀላ ብሏል

ስቴንት ካለባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ይህን ያማርራሉ። የታችኛው ቆልማማ ጫፍ የፊኛን ግድግዳ ይፈገፍጋል። ስቴንቱ የሽንት ቱቦውን በር ከፍቶ ስለሚይዘው ደግሞ ፊኛ ሲኮማተር ሽንት ወደ ኩላሊት ይመለሳል፤ የጎን ውጋቱ ከዚያ ነው። ጡንቻ የሚያላላውን ታምሱሎሲን ስጡ፤ ካልበቃ እንደ ሶሊፌናሲን ያለ የፊኛን መኮማተር የሚያረግብ ጨምሩ። ቀላ ያለ ሽንት ውሃ በደንብ ሲጠጣ ይጠራል። የረጋ ደም መውጣት ከጀመረ ወይም ሽንት ከቆመ ግን አስተኙት።

መድኃኒቱ ካልረዳ ራጁን እዩ። የታችኛው ጫፍ የሰውነትን መሃል መስመር ተሻግሮ ከሄደ ስቴንቱ ረዝሟል፤ በአጭር ይቀየር። ቁመቱ 1.55 የሆነውንም 1.85 የሆነውንም በ26 ሴንቲ ሜትር የሚሸኝ ባልደረባ ነበረኝ። መደርደሪያው ላይ ያለው እሱ ብቻ ነው ይል ነበር፤ 22ቱና 24ቱ ከጎኑ ተቀምጠው።

ትኩሳት ከ38 በላይ፣ ብርድ ብርድ

ሌላ ምክንያት እስኪገኝ ድረስ ስቴንቱ ተዘግቷል ብላችሁ ተነሱ። የደምና የሽንት ካልቸር (ባክቴሪያ አብቅሎ የሚለይ ምርመራ) ወስዳችሁ አንቲባዮቲክ ጀምሩ፤ ፊኛው በካቴተር ይራገፍ። ኩላሊቱ አብጦ ከሆነ ስቴንቱ ዛሬውኑ ይቀየር፣ አለዚያ ኔፍሮስቶሚ (በጀርባ በኩል ኩላሊት ውስጥ የሚገባ የሽንት ማውጫ ቱቦ) ይግባ። የታቆረ መግል በአንቲባዮቲክ ብቻ አይጸዳም። ነገ ጠዋት እናየዋለን የተባለው ሰው ሌሊቱን የደም ግፊቱ ወርዶ ነው የሚያስጠራችሁ። ትኩሳትም ሕመምም የሌለበትን ግን ካልቸሩ ባክቴሪያ አሳየ ብላችሁ አንቲባዮቲክ አትጋቱት፤ የቆየ ስቴንት ላይ ባክቴሪያ መስፈሩ የተለመደ ነው።

ስቴንት እያለ የኩላሊቱ እብጠት አልጎደለም

ሸንቶ ይምጣና እንደገና ይታይ፤ የሞላ ፊኛ ብቻውን ኩላሊት ያሳብጣል። ዕጢ ቱቦውን ከውጭ የሚጨፈልቀው ከሆነ ተራ ስቴንት ብዙ ጊዜ አይቋቋመውም። ክሬቲኒኑ እየጨመረ ከሄደ ኔፍሮስቶሚ፣ ሁለት ስቴንት ጎን ለጎን ወይም የብረት ስቴንት ይታሰብ።

ሽንት ሳይታወቀው ያመልጠዋል

ስቴንቱ ወደ ታች ተንሸራቶ ጫፉ ሽንት መውጫው ውስጥ ገብቷል። ይውጣ ወይም ይቀየር።

በሲስቶስኮፕ (ፊኛን ከውስጥ በሚያሳየው መሣሪያ) ጫፉ አይታይም

ወደ ላይ ሸሽቷል። «ራሱ ወጥቶ ይሆናል» ብላችሁ እንዳታሰናብቱ፤ ራጅ አንሱ።

ሲቀየር ደማቅ ደም ገነፈለ

ብርቅ ነው። ዳሌው ጨረር ወይም ትልቅ ቀዶ ጥገና ያገኘው ሰው ከሆነ ቱቦው ከደም ቅዳ ጋር ተበሳስቶ ሊሆን ስለሚችል የደም ሥር ቀዶ ሐኪም ጥሩ።

ስቴንቱ አልወጣም አለ

አሁን ወደ ዋናው። ምክንያቱ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል አንድ ነው፦ ተረስቷል።

አንዲት እናት የሽንት ኢንፌክሽን ነው እየተባሉ ከክሊኒክ ክሊኒክ ሲዞሩ ከርመው እኛ ዘንድ ደረሱ። በራጁ ላይ ፊኛቸው ውስጥ የእንቁላል ያህል ጠጠር ተቀምጧል፤ ከመሃሉ ነጭ ጭራ ወጥቶ ወደ ኩላሊት ይሄዳል። «እናቴ፣ ስቴንት እንዳለብዎ ተነግሮዎት ነበር?» አልኳቸው።

«የምን ስቴንት? ጠጠሩማ ከወጣልኝ ሦስት ዓመት አለፈው።»

ከቦርሳቸው ያወጡትን የመውጫ ወረቀት አየሁት። «ቀዶ ጥገናው በሰላም ተጠናቋል» ይላል። ስቴንት የሚል ቃል የለበትም።

ስቴንት በሽንት ውስጥ በተቀመጠ ቁጥር ጨው ይለብሳል፤ ባክቴሪያ ካለ ይፈጥናል፣ ጠጠር የሚያበዛ ሰው ላይም ይፈጥናል። የተለመደው የመቀየሪያ ጊዜ 3 ወር ነው። ነፍሰ ጡር ላይ ከ4 እስከ 6 ሳምንት። አንዳንዱ ማሸጊያ ላይ «እስከ 12 ወር» የሚለውን እንደ ቀጠሮ የሚያነቡ አሉ፤ እሱ ጣሪያው ነው።

ጊዜው ያለፈበትን ስቴንት ራጅ ሳታዩ አትንኩ። ጤነኛ ስቴንት ሲሳብ እርጥብ ክር ይመስላል፣ ሸርተት ብሎ ይመጣል። በፍሎሮስኮፒ (በቀጥታ በሚታይ ራጅ) እያያችሁ ቀስ አድርጋችሁ ስትስቡ የላይኛው ቆልማማ ጫፍ መዘርጋት አለበት። ካልተዘረጋ አቁሙ። ትንሽ ልጨምርበት ማለት የለም፤ ቱቦው ከኩላሊቱ ተገንጥሎ አብሮ ሊመጣ ይችላል። አንድ ተማሪ ሐኪም አጠገቤ ቆሞ «መጣ፣ መጣ» እያለ ሳበው። የመጣው ግማሹ ነበር። ፕላስቲኩ ከመድረቁ የተነሳ እንደ ጭድ ተሰብሮ፣ ስብርባሪው በመቆንጠጫው (ፎርሴፕሱ) ጥርስ መሃል ሲንኮሻኮሽ ይሰማ ነበር። ሌላውን ግማሽ ለማውጣት ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀብን።

መፍትሄው ከታች ወደ ላይ ነው። አስቀድማችሁ የሽንት ካልቸር ላኩና እንደ ውጤቱ አንቲባዮቲክ ስጡ። ጠጠሩ የት የት እንዳለ ሲቲ ስካን ያሳያችኋል፤ ኩላሊቱ በጣም ከሳሳ ደግሞ መሥራት አለመሥራቱን ለዩ፣ ለሞተ ኩላሊት ሦስት ዙር አይደከምም። ከዚያ በፊኛ ውስጥ ያለው ጠጠር ይፈለጣል። ቀጥሎ ዩሬተሮስኮፕ (የሽንት ቱቦውን ከውስጥ የሚያሳይ ቀጭን መሣሪያ) ከስቴንቱ ጎን ገብቶ የለበሰውን በሌዘር ይቀርፋል። የላይኛው ጫፍ የለበሰው ጥቂት ከሆነ ከውጭ በሚላክ ሞገድ ይሰበራል፤ ብዙ ከሆነ በጀርባ በኩል ኩላሊቱ ተበስቶ ይወጣል። የእኚያ እናት በሁለት ዙር አለቀ።

ክር የተንጠለጠለለት ስቴንት በቀናት ውስጥ ስለሚወጣ አይረሳም፤ ልብስ ሲቀይሩ እንዳይስቡት ብቻ ንገሯቸው። ለሌላው መዝገብ ያዙ፦ ስም፣ ስልክ፣ የገባበት ቀን፣ የሚወጣበት ቀን፣ የወጣበት ቀን። በመውጫ ወረቀቱም ላይ «ስቴንት አለ» ብላችሁ ቀኑን በቁጥር ጻፉ፤ «በኋላ ይመለሱ» ቀጠሮ አይደለም። እኛ ጋ ሰኞ ጠዋት ከዙር በፊት ነርሷ መዝገቡን ትገልጣለች። ቀኑ አልፎ የመጨረሻው ዓምድ ባዶ የሆነ ስም ካየች እዚያው ትደውላለች።