የቶርኖ መሮዎቼ በመጨረሻ ቦታ አገኙ

የእንጨት ቶርኖዬ፣ ማለትም እንጨት እያሽከረከረ በመሮ የሚያስቀርጸኝ ማሽን፣ ያለው ጠባብ ሰርቪስ ክፍል ውስጥ ነው። ዋናው ራስ ምታት መሮዎቹ ነበሩ። የቶርኖ መሮ እጀታው ረጅም ነው፤ አንዳንዱ ከነስለቱ 60 ሳንቲሜትር ያልፋል። መሳቢያ አይበቃውም። ጠረጴዛ ላይ ሲተኛ ይንከባለላል፣ ስለቱም ይጎዳል።

መፍትሄው ባለ 50 ሚሊሜትር የፒቪሲ ቱቦ ሆነ። በ30 ሳንቲሜትር ቆራረጥኩና ኮምፔርሳቶ ላይ በቪቴ አሰርኩት፤ ላዩ ትንሽ ወደ እኔ ዘንበል ብሏል። መሮው በስለቱ በኩል ወደ ውስጥ ይገባል፣ ስለዚህ እጅ አይቆርጥም። የቱቦውን ፊት በቁመቱ በመጋዝ ከፈትኩት፤ የትኛው መሮ እንደሆነ ሳላወጣው ይታየኛል። ታቹን የሚዘጋው ቀጭን የእንጨት ቁራጭ ነው፣ ያውም ግማሹን ብቻ። ስለቱ እንጨት ላይ ያርፋል፤ ሰጋቱራው በክፍቱ በኩል ይረግፋል።

ሰሌዳውን የሰቀልኩት ከማሽኑ ጀርባ አይደለም፣ በጎን ነው። ይሄ ትልቅ ነገር ነው! በሚሽከረከር እንጨት ላይ እጅ አሻግሮ ዕቃ ማንሳት አደጋ አለው፤ እጅጌ ከያዘ አይለቅም።

እንጨቱን ማሽኑ ላይ ነክሶ የሚይዘውን ቻክና ሌሎቹን ከባድ ብረቶች ደግሞ ከማሽኑ እግሮች መሃል በሠራሁት ዝቅ ያለ መደርደሪያ ላይ አደረግኳቸው። ክብደቱ ታች ስለሆነ የማሽኑ መንቀጥቀጥም ቀንሷል። አሁን ወለሉ ላይ የቀረው ያልደረቀው ግንድ ብቻ ነው።