ማጠናከሪያ ትምህርት ስንሰጥ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሐዋሳ ውስጥ በመንግሥት ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምራለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ለደከሙ ተማሪዎች ማጠናከሪያ እንሰጣለን። አንዳንዱ ልጅ ግን ዓመቱን ሙሉ ተመላልሶ መስከረም ላይ ከነበረበት ሰኔም ላይ ፈቀቅ አይልም። ጥፋቱ የእርሱ እንዳልሆነ ለመረዳት ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል።

ከሁሉም የከፋው ስህተት ከመጽሐፉ መጀመር ነው። ልጁ 7ኛ ክፍል ነውና የ7ኛ ክፍል መጽሐፍ ይዘን እንገባለን፤ በሳምንቱ ያልገባውን ቅዳሜ ድምፃችንን ከፍ አድርገን እንደግምለታለን። አንድ ቀን እኩልታ ሳስረዳ ዓይኑ የፈዘዘብኝን ልጅ ከ302 ላይ 178 ቀንስ አልኩት። 276 ብሎ ጻፈ። በግምት የጻፈው መስሎኝ ነበር፤ ቀርቤ ሳየው ግን በየቤቱ ከትልቁ አሃዝ ላይ ትንሹን እየቀነሰ ነው፦ ከ3 ላይ 1፣ ከ7 ላይ 0፣ ከ8 ላይ 2። ከጎረቤት ቤት መበደርን ሳይዝ አራት ክፍል አልፏል። ለዚህ ልጅ እኩልታ መድገም ምን ይጠቅመዋል?

ከዚያ ወዲህ ማንንም ከማስተማሬ በፊት ለየብቻ አሥር ደቂቃ እይዘዋለሁ። አንድ አንቀጽ ጮክ ብሎ ያነባል፤ አንድ መቀነስ፣ አንድ ማባዛት፣ አንድ ማካፈል፣ አንድ ክፍልፋይ ይሠራል። የምመድበው በተገኘበት ደረጃ ነው፤ የ5ኛና የ7ኛ ክፍል ልጆች አንድ ወንበር ላይ ቢቀመጡም ግድ የለኝም። በሕንድ ፕራታም የተባለው ድርጅት በዚሁ መንገድ፣ ልጆችን በክፍላቸው ሳይሆን በደረሱበት ደረጃ እየመደበ፣ ንባብና መሠረታዊ ሒሳብ በማስተማር ይታወቃል። ወጪው ወረቀትና ትዕግሥት ነው።

ፈተና ሲቃረብ መጀመርም ሌላው በሽታችን ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ። ማለፊያ ነጥቡን ላላገኙ ብዙ ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲዎች የአቅም ማሻሻያ ትምህርት ከፈቱ። መልካም ነው። እኔ ግን ያንን ቁጥር ባሰብኩ ጊዜ ሁሉ የሚታየኝ 276 ብሎ የጻፈው ልጅ ነው፤ እርሱን የምንደርስለት ጥቅምት ላይ ነው እንጂ ግንቦት ላይ አይደለም።

የደካሞችን ስም ሰልፍ ላይ መጥራት ይቅር። እኔም ጠርቼ አውቃለሁ። አንዲት የ6ኛ ክፍል ተማሪ ስሟ ከተጠራ በኋላ ሁለት ቅዳሜ ቀረች፤ በሦስተኛው ስትመጣ ከሁሉም ኋላ ተቀምጣ ደብተሯን በክንዷ ከልላ ነበር የምትጽፈው። እስከ ዓመቱ መጨረሻ አልተወችውም። አሁን ለእያንዳንዱ በጆሮው እነግረዋለሁ።

አንድ ለአምስት ቡድንን፣ አንድ ጎበዝ ተማሪ ሌሎቹን እንዲያግዝ የምናደራጀውን፣ በስሙ ብቻ መተውም ያው ነው፤ ጎበዙ ይሠራል፣ ሌሎቹ ይገለብጣሉ። መፍትሔው ቀላል ነው። ጎበዙ እስክሪብቶ አይያዝ፣ ይጠይቅ ብቻ።

የቋንቋውንም ነገር አንርሳ። ቤቱ ሲዳምኛ የሚናገር፣ ሰፈሩ አማርኛ የሚሰማ ልጅ 9ኛ ክፍል ላይ የሚማረው በእንግሊዝኛ ነው። ሒሳቡን የሳተ የመሰለንን ልጅ ጥያቄውን በአፍ መፍቻ ቋንቋው ብንነግረው ብዙ ጊዜ ይሠራዋል።

የቀረን ልጅ ሰነፍ ከማለታችን በፊት ደግሞ ቤቱን እንጠይቅ። እናቷ ኢንዱስትሪ ፓርክ በፈረቃ የምትሠራ ታላቅ ልጅ ቅዳሜ ጠዋት ሕፃን ጠባቂ ናት። እንዲህ ያሉትን ታናናሾቻቸውን ይዘው እንዲመጡ ፈቅደንላቸዋል። ትንንሾቹ ከኋላ ወንበር ላይ እርሳስና ወረቀት ይዘው ይቀመጣሉ፤ አንዱማ እስከ ሃያ መቁጠር እዚያው ለምዷል።